ረጅሙን መውረድ

ከተራራው ግርጌ፣ ሊፍቱ ሰውንም ብስክሌቱንም አንጠልጥሎ ወደ ደኑ ጫፍ ከሚነሳበት ቦታ ጎን፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ጋራዥ ነበረች። የጋራዧ መካኒክ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት፤ ወሬ አትወድም፣ እጇ ግን ሥራ አይፈታም። ጠዋት እየሳቁ ሽቅብ የወጡት ብስክሌተኞች ከሰዓት በኋላ የተጣመመ ቸርኬ፣ የተበጠሰ ካቴና፣ የተበላ ፍሬን ይዘውላት ይመጣሉ። እሷም ምን አገኘው፣ የት ወደቅክ ብላ አትጠይቅም። ብስክሌቱን ገልብጣ ታየዋለች፣ "ነገ" ትላለች፣ በቃ።

ከጋራዧ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከታላቅ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። ወንድሟን በዚያ ተራራ ላይ የማያውቀው የለም። በስሙ የሚጠራው ግን ጠፍቶ ሁሉም "ጋሽ ዶማ" ይለዋል። እንግዳ ሰው ሲሰማ ስድብ እየመሰለው ይደነግጣል። ስድብ አይደለም፤ በደኑ ውስጥ ከሚጠማዘዙት የብስክሌት መንገዶች አብዛኞቹን የቆፈራቸውና የደለደላቸው እሱ ነው። ማሽን በሚገባበት ቦታ እንኳ "ማሽን መሬቱን ሳያናግረው ነው የሚያልፈው" እያለ በዶማና በአካፋ ይሠራ ስለነበር ስሙ በዚያው ወጥቶ ቀረ።

እናትና አባታቸው በላይ በላይ ሲሞቱ እሷ ገና ጥርስ የምትነቅል ልጅ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ጢም ማብቀል የጀመረ ጎረምሳ። አጥቦ ያለበሳት፣ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ፀጉሯን ሳይቀር የጎነጎነላት እሱ ነው። ጉንጉኑ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ምድር ነበር፤ ግን ማንም እንዲስቅባት አይፈቅድም። ትዳሯ ፈርሶ አንዲት ሻንጣ ይዛ የመጣች ጊዜም ምን ሆንሽ ሳይላት "ጋራዧ ሰው ትፈልጋለች" ብሎ መፍቻ አስጨበጣት። እስከ ዛሬ የሚጠራት "ሚጡ" እያለ ነው። እሷም "ጋሼ" ትለዋለች።

የዓይኑ ነገር የጀመረው ሲመሽ ሲመሽ ነው። እንቅፋት በዛበት። ቀጥሎ ከጎኑ የሚመጣ ሰው ማየት ተሳነው፤ ሰላም ብለነው ዘጋን ብለው የተቀየሙት ነበሩ። ሐኪሙ እቅጩን ነገረው፦ ከዳር ከዳር እየጨለመ ወደ መሃል ይመጣል፣ የሚያቆመው መድኃኒት አልተገኘም። እሱም ለእህቱ ሲነግራት "ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ እያየሁ ነው። ቀዳዳዋም እየጠበበች ነው" አላት። ይህን ብሎ ዶማውን ተሸክሞ ወደ ሥራው ሄደ።

ያኔ የሚሠራው ረጅሙን ነበር። ረጅሙ ከተራራው ጫፍ ተነስቶ፣ በጥዱ ውስጥ እየተጥመለመለ፣ ጅረቱን ተሻግሮ እስከ ታችኛው ሜዳ የሚወርድ መንገድ ነው። መስመሩን ያወጣው ራሱ ነው። በቀረችው ብርሃን እየተመራ ደኑን ወጥቶ ወርዶ በየግንዱ ላይ ምልክት አሰረ። ቁፋሮው ከግማሽ ሳያልፍ ግን አንድ ቀን ዶማውን ሲያነሳ ጎኑ አጎንብሶ ድንጋይ የሚለቅመውን የሥራ ጓደኛውን አላየውም። ዶማው ከሰውየው እግር አጠገብ ተተከለ። ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አልተቆጣም። እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ዶማውን ጠራረገ፣ ዕቃ ቤት አስገባው፣ በሩንም ዘጋው። ከዚያ ወዲያ አልነካውም። ረጅሙን ሌሎች ጨረሱት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚውለው እህቱ ጋራዥ ጥግ፣ በርጩማ ላይ ነው። የተበሳ የጎማ ካላማደሪያ በመዳፉ እየዳበሰ፣ ወደ ጉንጩ አስጠግቶ አየሩ የሚወጣበትን እየፈለገ ይለጥፋል። የለጠፈው አይለቅም። ሰው ሲያናግረው ይመልሳል፣ ሲቀልዱበትም ይስቃል። እህቱ ግን ሳቁ ከጉሮሮው በታች እንደማይወርድ ታውቃለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሾርባቸውን እየጠጡ ሳለ፣ "ሚጡ" አላት።

"አቤት ጋሼ።"

"ረጅሙን አስወርጂኝ።"

ማንኪያዋ አፏ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። "በእግር?"

"በእግርማ ማን ያስቸግርሻል። በብስክሌት ነው እንጂ።"

"ቀልድ ጀመርክ ደግሞ።"

"ቀልድ ይመስላል?"

ፊቱን አየችው። ቀልድ አይመስልም። "አይሆንም" አለች። "ዓይኑ ደህና የሆነው ሰው እንኳ ከዚያ ላይ ተንከባሎ ይመጣል፤ ማን ምኑን እንደሰበረ እኔን ጠይቀኝ፣ ብስክሌቱ ይነግረኛል። ሌላ ወንድም የለኝም ጋሼ። አይሆንም።"

እሱም አልተከራከረም። ሾርባውን ፉት አለና "ጨው አንሶታል" አለ። ሆድ ሲብሰው ምግቡ ላይ ሰበብ እንደሚፈልግ ስለምታውቅ፣ ቤቱ ጭር አለባት።

በማግስቱ የሊፍቱ ሰውዬ እየሮጠ መጣባት። ይህ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሰው እየጫነ፣ በየወንበሩ አንድ አንድ ቀልድ የሚመርቅ ወፍራም ሰው ነው። ሲሮጥ ማንም አይቶት አያውቅም።

"ወንድምሽ ላይ ነው" አላት እያለከለከ።

"የት ላይ?"

"ጫፉ ላይ ነዋ! አሮጌ ብስክሌቱን እየገፋ መጣና ነፋስ ልቀበል ነው አለኝ። ጋሽ ዶማን አልጭንህም ልበለው? ይኼን ተራራ የሠራውን ሰው? ጫንኩት። አሁን ከላይ ደውለው ወደ ረጅሙ ገባ አሉኝ።"

መፍቻዋን ወርውራ ወጣች። ሊፍቱ የዚያን ዕለት ቀንድ አውጣ ሆነባት። በስተግራ በስተቀኝ የጥዱ ጫፎች ከእግሯ ሥር ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ እሷ ግን የሚታያት ወንድሟ ከአንዱ ግንድ ሥር ተዘርሮ ነው። ወንበሩ ገና ሳይቆም ዘልላ ወረደችና ወደ ረጅሙ መግቢያ ሮጠች።

"ጋሼ! ጋሼ!"

"ወዲህ ነኝ" አለ ድምፁ ከታች። "አትጩሂ፣ ሰው ትበጠብጫለሽ።"

ሁለተኛው ኩርባ ላይ አገኘችው። ብስክሌቱን ግንድ ላይ አስደግፎታል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ከሥሩም ደም ይታያል። እሱ ግን ተንበርክኮ፣ ከፍ ብሎ የተደለደለውን የኩርባውን ግድግዳ በሁለት መዳፉ እየዳሰሰ ነበር፤ ሰው የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስሰው።

"ውሃው በየት እንደሚወርድ እያየሁ ነው" አላት። "ጎበዞች ናቸው። ቦዩን በትክክል አውጥተውታል።"

ልትቆጣው አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ቁጣ ሳይሆን ለቅሶ ነበር። መንገዱ ጠርዝ ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። እሱም በዳበሳ መጥቶ ጎኗ ተቀመጠ።

"አልነዳሁትም እኮ" አላት። "እየገፋሁ ነው የመጣሁት። ሥር ጠለፈኝና ወደቅሁ እንጂ።"

"ለምን? ምን ጎደለብህ?"

"ሰው ሁሉ እየመጣ 'ጋሽ ዶማ፣ ረጅሙ ግሩም ነው' ይለኛል" አላት። "ግሩም ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? የማላውቀው ሰው ሠርግ እንዴት እንደነበር የሚያወሩልኝ ነው የሚመስለኝ። ይቺን ኩርባ እያሰብኩ ያደርኩት እኔ ነኝ። በእጄ ነካኋት፣ በእግሬ ረገጥኳት። ግን በእግር ሲረግጧት ዝም ብላ አፈር ናት። መንገድ የምትሆነው ሲወርዱባት ነው፣ ሚጡ። አንዴ ብቻ። ትንሽ ብርሃን እያለኝ።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያልጠየቀችውን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቀችው። "ምን ያህል ቀረህ?"

"ፊት ለፊቴ ስትቆሚ አፍንጫሽን አያለሁ" አለ። "ሌላውን ከትዝታ እሞላዋለሁ።"

ብስክሌቱን እየገፋች፣ እሱ ትከሻዋን ይዞ፣ ቀስ እያሉ በእግር ወረዱ። እሺም አላለችውም፣ እምቢም አላለችውም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ነገሩን ሁለቱም አላነሱትም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ደንበኛ ፍሬኑን ሊያስጠብቅ አዲስ ብስክሌት እየገፋ ገባ። ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ብቻ ሲሽከረከር የኋላው ጎማ እምብርት ጠጠጠጠ እያለ ይጮሃል። አንዳንዱ ብስክሌት ሲሠራ ጀምሮ ጯሂ ነው። መካኒኳ ሰውየውን ልታናግር ዞር ስትል ወንድሟ ላይ ዓይኗ አረፈ። ካላማደሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፊቱን ከብስክሌቱ ጋር አብሮ እያዞረ ነበር። ሰውየው ወደ ግራ ሲል እሱም ወደ ግራ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ሲዞር እሱም እዚያው። በመርፌ ቀዳዳ ክር የሚያስገባ ያህል እየተከተለው ነው።

ደንበኛው እንደወጣ የራሷን ብስክሌት ከግድግዳው አወረደች። የኋላውን ጎማ ፈታች፣ እምብርቱን ከፈተች፣ በነጭ ጋዝና በአሮጌ ብሩሽ ውስጡን ታጥበው ጀመር።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አላት ሽታው ሲደርሰው።

"ግራሶውን እያጠብኩ።"

"ደህና ጎማ! ግራሶ ከሌለው እኮ ይጮሃል።"

"እንዲጮህ ነው።"

ከዚያ በርጩማው ሲጥ ሲል ሰማችው።

"ገና ምንም አላልኩም" አለች ሳትዞር። "እንዳታቅፈኝ፣ እጄ ጋዝ ነው።"

አቀፋት። ሸሚዙ ሳምንቱን ሙሉ ጋዝ ጋዝ ሸተተ።

ልምምዱን የጀመሩት ሕፃናት በሚነዱበት ለጥ ባለው ሜዳ ላይ፣ ማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ ነው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። መጀመሪያ መጀመሪያ ጉድ ነበር። ድምፁን እንዳያጣ ሲል ይጠጋትና ጎማዋን ይገጫታል። "ብላው እንጂ ጎማዬን!" ትለዋለች። ሲርቅ ደግሞ ይጠፋውና ሰጋቱራ ክምር ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ከክምሩ ውስጥ ተነስቶ ጢሙን እያራገፈ "ይኼኛውን ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው?" ሲል፣ ልጆቻቸውን ይዘው የደረሱ እናቶች በሳቅ ፈረሱ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። እህቱ ያን ሳቅ ሰምታ ቀና አለች። የዚያን ጊዜው ከሆዱ ነበር።

ቀስ በቀስ ተግባቡ። "ቁጭ" ስትለው ክብደቱን ወደ ኋላ ያደርጋል፣ "ቁም" ስትለው ፍሬን ይይዛል፣ ግራና ቀኙን ጎማዋ ይነግረዋል። የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነበር። ጎማዋ የሚጮኸው ፔዳሉን ሳትመታ ስትንሸራተት ብቻ ነው፤ ፔዳል ስትመታ ድምፁ ይጠፋል። ያን ጊዜ በአፏ መናገር አለባት። እሷ ደግሞ መናገር ሞቷ ነው። "እ... ቀጥታ... አሁንም ቀጥታ" ብላ ዝም ትላለች።

"አንቺ ዝም ስትዪ እኮ መሬቱም ዝም ይላል" አላት አንድ ቀን። "የፈለግሽውን አውሪኝ። ስደቢኝም ይሁን።"

በአንደኛው ማለዳ የተራራው የብስክሌት መናፈሻ ሥራ አስኪያጅ ሜዳው ዳር ቆማ ሲያዩአት ሁለቱም በድንጋጤ ቆሙ። ወጣት ሴት ናት፤ ጋሽ ዶማን እንደ አባት ነው የምታየው። ትከለክለናለች ብለው ጠበቁ።

"ሰው ነግሮኝ አላመንኩም ነበር" አለች። ቀጥላ መሬት መሬት እያየች አሰበች። "ሰኞ ዝግ ነን። መንገዱ ላይ ማንም አይኖርም። እኔ ከመናፈሻው ነርስ ጋር ታች እቆማለሁ። ከመሃል ላይ ደግሞ ከሠራተኞቹ አንዱ ይጠብቃል።" ጣቷን ቀሰረች። "ጋሽ ዶማ፣ እሷ ቁም ካለችዎት ግን ይቆማሉ።"

"ከልጅነቷ ጀምሮ የምታዘኝ እሷ ናት" አለ።

ሰኞ ሆነ። ሌሊቱን አካፍቶ መሬቱ ለስለስ ብሏል፤ አቧራም ጭቃም የለም። የሊፍቱ ሰውዬ የዕረፍት ቀኑ ቢሆንም መጥቶ ሞተሩን አስነሳላቸው።

"ዛሬ ቀልድ የለም?" አለው ጋሽ ዶማ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ።

"ስትመለስ" አለ ሰውየው። "ለመመለሻህ አስቀምጬልሃለሁ።"

ጫፉ ላይ የሄልሜቱን ማሰሪያ አጠበቀችለት።

"ጋሼ፣ ከፈራህ አሁን ንገረኝ።"

"አንቺ ፈርተሻል?"

"በጣም።"

"እንግዲያው ከፍርሃቱ ያንቺ ይበቃናል። ሂጂ።"

ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ መታችና ተወችው። ጠጠጠጠ። ረጅሙ በዝግታ ወደ ጥዱ ውስጥ ወሰዳቸው። ወደ ኋላ መዞር አትችልም፤ ዓይኗን ካነሳች ሁለቱም ወደቁ። ጆሮዋን ግን ከኋላዋ ተክላዋለች። የጎማው ድምፅ ይሰማታል፣ ትንፋሹ ይሰማታል። የመጀመሪያዋ ኩርባ መጣች። ግድግዳዋ ተቀብሎ አዞራቸው፣ ወደ ሁለተኛዋ አቀበላቸው።

"ኧኸ!" አለ ከኋላ። "ኧኸ! አየሽ እንዴት እንደምትይዝ? አየሽ?"

ሌላ ኩርባ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጉብታ። "ቁጭ!" አለች። ቁጭ አለ፤ ጎማው ተከትሏት መሬት ሲነካ ሰማች። ከዚያ እሷ ከመናገሯ በፊት እሱ ይናገር ጀመር። "አሁን ትልቁ ግንድ በግራ... አሁን ድንጋዩ... አሁን ትጠባለች!" እያንዳንዱ እሱ ባለው ቦታ ይመጣል። መንገዱ በጭንቅላቱ ውስጥ ሳይጎድል ተዘርግቷል። ልቧ ቀለላት፤ ትከሻዋም ከጆሮዋ ሥር ወረደ።

"አሁን ወደ ግራ ትታጠፋለች!" አለ።

መንገዱ ግን ወደ ቀኝ ታጠፈ።

"ቀኝ! ቀኝ! ጋሼ ቀኝ!"

ፍሬን ጮኸ፣ ቅርንጫፍ ተሰበረ። አቁማ ብስክሌቷን ጥላ ወደ ኋላ ሮጠች። አንድ እግሩን መሬት አስደግፎ፣ ጎማው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። አልወደቀም።

"እዚህ ጋ ግራ ነበር" አለ ግራ በተጋባ ድምፅ። "ግራ ነበር ያሰርኩት።"

ዙሪያዋን አየች። በግራ በኩል ግዙፍ ጥድ ከነሥሩ ተገንድሷል፤ ሥሩ የቆፈረው ጉድጓድ ቤት ያህላል። "ዛፍ ወድቆበታል" አለችው። "አንተ ከተውከው በኋላ ነው። ሠራተኞቹ አዙረውታል።"

እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ አዲሱን መስመር በጣቱ ተከተለው፤ ወጣ፣ ዞረ፣ ወረደ። ብዙ ቆየ። ደጋግማ "እንመለስ?" ልትለው አሰበች።

"እኔም ብሆን በዚህ ነበር የማዞረው" አለ በመጨረሻ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ምን እንደሆነ መለየት አቃታት። ቅር ያለው ይመስላል፣ ደስ ያለውም ይመስላል። "ይቺ መታጠፊያ እንግዲህ ለእኔ አዲስ ናት። ምሪኝ።"

ቀጠሉ። ደኑ እየጠቆረ፣ እየቀዘቀዘ መጣ። ከታች የውሃ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ማዶ ተራሮች ላይ በጣለው ዝናብ ጅረቱ ሞልቶ ከቋጥኝ ላይ እየተወረወረ ይጮሃል። እየቀረቡ ሲሄዱ ጩኸቱ ደኑን ሞላው፣ የጎማዋንም ድምፅ ዋጠው።

"ሚጡ!" ሲል ሰማች። "ሚጡ፣ ጠፋሽብኝ!"

"እዚህ ነኝ!" ጮኸች። "እዚህ ነኝ! ቀጥታ! እዚህ ነኝ!"

"አታቋርጪ! የምታይውን ንገሪኝ! ዝም ብለሽ ንገሪኝ!"

እሷም ነገረችው። መጀመሪያ ቃል ቃል እየለቀመች፣ በኋላ ግን ግድቡ እንደ ተሸነቆረ ውሃ፣ በሕይወቷ ጮኻ በማታውቀው ድምፅ፦ "ድልድዩ ይታየኛል! እንጨት ነው፣ ሰፊ ነው፣ መደገፊያ አለው! ውሃው ነጭ ነው ጋሼ፣ አረፋ ብቻ ነው! ከላይ ፀሐይ ገብታበታለች፤ ጭጋጉ ውስጥ ቀለም ቀለም ትሠራለች! ዛፎቹ ሽበት አብቅለዋል፣ ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል፣ እንደ ሽማግሌ ጢም! አሁን ድልድዩ ላይ ነን! ቀጥታ! እንጨቱ ይንኳኳል፣ ይሰማሃል? አንዲት ትንሽ ወፍ መደገፊያው ላይ ናት፣ ሄደች! ተሻገርን ጋሼ! ተሻገርን፣ ቁም!"

ቆሙ። ሁለቱም ያለከልካሉ። ጉሮሮዋ ነዷል።

"ይኼን ሁሉ ወሬ የት ደብቀሽው ነበር?" አላት።

ሳቀች። ወደ እሷ ተጠግቶ ፊቷ ያለበትን ፈለገና "አንቺስ?" አላት። "ሁሉንም ነገርሽኝ፣ ራስሽን ዘለልሽ። ምን ትመስያለሽ?"

"እኔማ ያው ነኝ።"

"ተይ። ንገሪኝ።"

ሄልሜቷን ስታወልቅ ላብ የነካው ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ወደቀ። "ሸብቻለሁ" አለችው።

"ብዙ?"

"ከፊት ከፊቱ። ከጆሮዬ በላይም።"

"መቼ?" አላት። "መቼ ነው የሸበትሽው? እኔ እኮ እስካሁን ጥቁር አድርጌ ነው የምሞላሽ።"

"አንተ ሳታይ ነዋ" አለች። "ካንተ ሌላ ከማን ተደብቄ ልሸብት?"

እጁን ዘርግቶ ፀጉሯን ነካ፤ ድሮ ሊጎነጉናት ሲል እንደሚያደርገው በጣቶቹ ከፈል ከፈል አደረገው። "ያምርብሻል" አላት።

"አላየኸውም።"

"አልኩሽ። ያምርብሻል።"

ከዚያ በታች ደኑ እየሳሳ፣ መንገዱ እየሰፋ ይሄዳል። መካኒክ ስለሆነች፣ ምን ምን እንደሚሰበር ስለምታውቅ፣ ዕድሜ ልኳን ስትነዳ ጣቷ ከፍሬኑ ተለይቶ አያውቅም። "ልቀቂው" አላት ከኋላ። "ልቀቂው ሚጡ፣ እዚህ ጋ መሬቱ ራሱ ይይዘናል፤ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።" ለቀቀችው። ጎማዋ ከጩኸት ወደ ዘፈን ተለወጠ፤ ኩርባ ለኩርባ እየተቀባበሉ፣ ሁለቱም እየጮኹ፣ ምን እንደሚሉ ሳያውቁ ወረዱ። ታችኛው ሜዳ ላይ ሣሩ ተቀብሎ ሲያቆማቸው ሥራ አስኪያጇ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅስ ነበር። የሊፍቱ ሰውዬ ያስቀመጠውን ቀልድ ሊናገር ሞክሮ አቃተው።

ጋሽ ዶማ ብስክሌቱን አስተኝቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ምን እንደሚል ጠበቁ።

"የመጨረሻዎቹ ሁለት ኩርባዎች ይጣበቃሉ" አለ። "አንዷ ራቅ ማለት አለባት።"

ከመሃል ሲጠብቅ ቆይቶ የደረሰው ሠራተኛ በሳቅ ተንከተከተ። "በሉ፣ ጋሽ ዶማ ተመልሷል" አለ።

እውነትም ተመለሰ። ሰኞ ሰኞ ከእህቱ ጋር መውረድ ልማዱ ሆነ። ጎማው የት እንደሸሸ፣ የት እንደደነገጠ፣ መሬቱ የት እንደላላ ለሠራተኞቹ ይነግራቸዋል። እነሱም ዶማውን ያነሳሉ፣ እሱ እየዳሰሰ "እዚህ፣ ትንሽ ወደ ላይ" ይላቸዋል። የሚከራከሩት ጊዜ አለ፤ የሚያሸንፍበትም የሚሸነፍበትም አለ። ሁለቱን ኩርባዎች ግን ሳምንት ሳይሞላ አራራቋቸው።

ብርዱ በገባ ሰሞን፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ እህቱ ምድጃውን እያቀጣጠለች ሳለ ከክፍሉ ጠራት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። መስኮቱ ፊት ለፊቱ ነው፤ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ሙሉ በሙሉ አርፋለች።

"ሚጡ፣ ነግቷል?"

የያዘችው እንጨት ከእጇ ሊያመልጣት ነበር። "ነግቷል ጋሼ" አለችው።

"እሺ" አለ። "ሙቀቱ ፊቴ ላይ ይሰማኛል። ነግቷል ማለት ነው።"

ጎኑ ተቀምጣ እጁን ያዘችው። ብዙ ጊዜ ተነጋግረውበታል፣ እንደሚመጣ ያውቁታል፤ ሲመጣ ግን እንደማያውቁት ነገር መጣ።

"ፈራሁ" አላት። እንዲህ ሲላት በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም።

"እኔም" አለች።

ሻይ አፍልታ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ጠጡ። አላጣደፈችውም። ሲበቃው ፊቱን ታጠበ፣ ሹራቡን ለበሰ፣ ትከሻዋን ይዞ ደረጃውን ወረደ። እሷ የጋራዡን በር ከፈተች፣ እሱ በርጩማውን አገኘ። የመጀመሪያው ደንበኛ ብስክሌቱን እየገፋ ሲቃረብ መካኒኳ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ ጮክ ብላ፣ ለወንድሟ ማውራት ጀመረች፦ "አንድ ረጅም ሰው እየመጣ ነው ጋሼ፣ ቢጫ ጃኬት ለብሷል፣ ግማሹ ጭቃ ነው። የፊት ጎማው እንደ ሰካራም እየተወላገደ ነው። ፊቱን ብታየው፣ እናቱ ልትቆጣው የጠራችው ልጅ ይመስላል..."

"የት ወደቅክ በይው" አለ ወንድሟ ካላማደሪያ እያነሳ።

ሰውየውን ጠየቀችው።